ከማች በኋላ ራሳችሁን እንዴት ትገመግማላችሁ? ዝርዝር መመሪያ ለዩኤስፒኤስኤ ተኳሾች

ብዙዎቻችን የዩኤስፒኤስኤ ተኳሾች (በሽጉጥ ፍጥነትና ትክክለኛነት የምንወዳደር) ከማች፣ ማለትም ከውድድር በኋላ የምናደርገው አንድ ነው። ማታ ውጤት የሚወጣበትን ፕራክቲስኮር እንከፍታለን፣ ስማችንን እንፈልጋለን፣ ስንተኛ እንደወጣን እናያለን፣ ቪዲዮውን ሁለት ሦስቴ አይተን ለጓደኛ እንልካለን፣ አለቀ። ከዛ በሳምንቱ ሬንጅ ሄደን ደስ የሚለንን ነገር እንለማመዳለን፣ በወሩ ማች ላይ ደሞ ያንኑ ስህተት ደግመነው እንመጣለን። እኔ ራሴ አንድ ዓመት ሙሉ "የምዘገየው የጥይት ካዝና ስቀይር ነው" ብዬ ሪሎድ ብቻ ስለማመድ ከረምኩ፣ ቪዲዮውን ፍሬም በፍሬም ስቆጥረው ግን ችግሩ ሌላ ቦታ ነበር። አሁን አዲስ የሚገቡ ልጆች ያንኑ መንገድ ሲሄዱ ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ማቹን "ጥሩ ነበርኩ፣ አልነበርኩም" ከሚል ስሜት አውጡትና ወደ ሰከንድና ነጥብ ቀይሩት፣ ከዛ ብዙ የበላባችሁን አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ወደ ልምምድ ሂዱ።

ምሳሌዎቼ በሙሉ ካሪ ኦፕቲክስ ላይ ናቸው፣ ሽጉጡ ላይ ዶት (ማለሚያ የብርሃን ነጥብ) የሚታሰርበት ዲቪዥን፣ ማለትም የውድድር ምድብ ነው። ነጥቡ ማይነር ነው፣ በታርጌቱ ክልሎች ከመሃል ወደ ውጪ፦ ኤ 5፣ ሲ 3፣ ዲ 1። ሜጀር (ጠንከር ያለ ጥይት) የምትተኩሱ ሲን 4፣ ዲን 2 ብላችሁ አስሉት። ማይክ (የሳተ ጥይት)፣ ኖ-ሹት (መመታት የሌለበት ታርጌት) መምታትና ፕሮሲጀራል (የስቴጅ ደንብ መጣስ) ለሁላችንም 10 ነጥብ ይቀንሳሉ። አውሮፓ ሆናችሁ አይፒኤስሲ (ዓለም አቀፉን) የምትተኩሱም ስሌቱ ያው ነው።

ደረጃ 1፦ ከማቹ በፊት ተዘጋጁ

ግምገማው የሚበላሸው ማታ ሳይሆን ጠዋት ነው፣ ምክንያቱም ያልተቀዳና ያልተጻፈ ነገር ማታ ከየትም አይመጣም።

ሦስት ነገር ያዙ።

1. ኪስ የሚገባ ትንሽ ደብተርና እርሳስ። ስልክ ላይ እጽፋለሁ አትበሉ፣ ስልኩ ቪዲዮ የሚቀዳው ሰው እጅ ላይ ነው የሚሆነው።
2. በሰከንድ 60 ፍሬም እንዲቀዳ የተስተካከለ ስልክ። ሴቲንጉን ቤት ሆናችሁ ጨርሱት። በ60 አንድ ፍሬም 0.017 ሰከንድ አካባቢ ነው፣ ለኛ ስራ ይበቃል። በ30 ከሆነም ይሰራል፣ ግን በየፍሬሙ 0.033 ይሆንና እግር መቼ እንዳረፈ በደንብ አይለይም።
3. ካዝናዎቻችሁ ላይ በማርከር ቁጥር ጻፉ፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4። ለምን እንደሆነ ደረጃ 8 ላይ ትደርሱበታላችሁ።

ስኳዳችሁ (አብሯችሁ በተራ የሚተኩሰው ቡድን) ውስጥ የሚቀዳላችሁ አንድ ሰው ቀድማችሁ ለምኑ፣ እናንተም ቅዱለት። ስልኩን ስትሰጡት እንዲህ በሉት፦ "ታርጌቱን ተወው፣ እኔን ቅዳ፣ ከእግሬ እስከ ራሴ፣ ከመነሻው ቢፕ በፊት ጀምር፣ አር ኦው ሬንጅ ኢዝ ክሊር እስኪል አታጥፋ።" (አር ኦ ተኩሱን የሚመራው ዳኛ ነው፣ ሬንጅ ኢዝ ክሊር ሲል ተኩሱ አልቋል ማለት ነው።) ይሄን ካላላችሁት ታርጌት ላይ ዙም አድርጎ ይጠብቃችኋል፣ ታርጌቱን ደሞ ነጥቡ ይነግራችኋል፣ የምንፈልገው እግርና እጅ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የሚቀዳው ሰው ሁሌም ከአር ኦው ጀርባ ይሁን፣ አብሮ እየሮጠ ወደፊት አይግባ። ተኳሹ ወደ ኋላ የሚመለስበት ስቴጅ (የማቹ አንዱ ዙር) ከሆነ አንድ ቦታ ቆሞ ይቅዳ።

ኮፍያ ላይ የሚታሰር ካሜራ ያላችሁ ተጠቀሙበት፣ ዶቱ መቼ እንደተነሳ ያሳያል፣ ግን ብቻውን አይበቃም፣ እግር አያሳይም።

ደረጃ 2፦ ተኩሳችሁ እንደጨረሳችሁ፣ ታርጌቱን ከማየታችሁ በፊት

ሽጉጡ ሆልስተር ገብቶ ሬንጅ ኢዝ ክሊር ከተባለ በኋላ ወደ ታርጌቶቹ ከመሄዳችሁ በፊት ለራሳችሁ አንድ ጥያቄ መልሱ፦ የትኛውን ታርጌት ነው የምጠራጠረው? "ሦስተኛው ላይ ሁለተኛዋ ጥይት ወደ ግራ የሄደች መሰለኝ" አይነት ነገር። በልባችሁ ያዙት።

ከዛ ነጥብ ከሚያነበው አር ኦ ጋር አብራችሁ ሂዱና እያንዳንዱን ታርጌት እዩ። መብታችሁ ነው። ታርጌት አትንኩ፣ ቀዳዳ በጣት አትጠቁሙ፣ ዝም ብላችሁ ቀዳዳው የት እንዳለ ያዙ። የተጠራጠራችሁት ታርጌት ላይ የጠረጠራችሁት ነገር አለ? ካለ ዓይናችሁ እየሰራ ነው። ሳትጠረጥሩ ማይክ ካገኛችሁ ግን ያ ትልቅ መረጃ ነው፣ ጥይቱ ሲወጣ ዶቱ የት እንደነበር አላያችሁም ማለት ነው።

ነጥቡ ላይ ካልተስማማችሁ

እዛው የታርጌቱ ቀዳዳ ሳይለጠፍ ተናገሩ። "ሁለቱ በአንድ ቀዳዳ የገቡ ይመስለኛል፣ ኦቨርሌይ ይደረግልኝ" በሉ፣ በትህትና (ኦቨርሌይ ቀዳዳውን የሚለኩበት ግልጽ ፕላስቲክ ነው)። አር ኦው ካልተቀበለ ቺፍ አር ኦው፣ ከዛ ሬንጅ ማስተሩ ያያል። ከተለጠፈ በኋላ የሚያከራክር ነገር የለም፣ ወረቀቱ ላይ ምንም አይታይማ።

ነጥብ የሚመዘገብበት ታብሌት ላይ አፕሩቭ ከማለታችሁ በፊት ደሞ ቁጥሩን ደምሩ። ስቴጁ 24 ጥይት ከሆነ ኤ፣ ሲ፣ ዲና ማይክ ተደምረው 24 መምጣት አለባቸው፣ የወደቀ ብረት እንደ ኤ ይቆጠራል። ሰዓቱንም አር ኦው ጮክ ብሎ ካነበበው ጋር አመሳክሩት። በተሳሳተ ቁጥር የተሰራ ግምገማ ሁለት ሳምንት ያለ ቦታው ያለማምዳችኋል።

ደረጃ 3፦ ደብተሩ ላይ ሦስት መስመር፣ ከዛ ዝም

ካዝናችሁን ሞልታችሁ ውሃ ጠጥታችሁ ስትጨርሱ ደብተሩን አውጡና ሦስት መስመር ጻፉ፦

- ዕቅዴ፦ ምን አስቤ ገባሁ (የቱን ታርጌት ከየት፣ ካዝና የት እቀይራለሁ)
- የሆነው፦ ምን ተደረገ
- የጠረጠርኩት፦ የትኛውን ታርጌት፣ እውነት ሆነ አልሆነም

"ቀሽም ነበርኩ"፣ "እጄ ተንቀጠቀጠ"፣ "አሪፍ ነበር" አትጻፉ። ማታ ስታነቡት ምንም አይነግራችሁም። "ከግድግዳው በስተግራ ያለውን ታርጌት ረሳሁት፣ ተመልሼ ተኮስኩት" ይሄ ግን ብር ነው።

ከዛ ዝጉት። በስቴጆች መሃል ፕራክቲስኮር አትክፈቱ፣ ቪዲዮ አትዩ፣ አያያዝ አትቀይሩ። ማች የፈተና ቀን ነው፣ ፈተና ላይ አይጠናም። ከዚህ ነፃ የሆነው የደህንነትና የዕቃ ችግር ብቻ ነው፣ ዶቱ እየደበዘዘ ከሆነ ባትሪ ቀይሩ፣ ካዝና ራሱን እየጣለ ከሆነ ለዩት። ሽጉጡን ለማየት ወደ ሴፍቲ ኤሪያ (ባዶ ሽጉጥ መንካት የሚፈቀድበት ቦታ) ሂዱ፣ እዛ ደሞ ጥይት አይነካም፣ የማይተኮስ የልምምድ ጥይት እንኳ ቢሆን። ይሄን የረሳ ሰው ማቹ እዛው ያልቅበታል።

ደረጃ 4፦ ማታ ወይ በነጋታው፣ መጀመሪያ ስሌቱን ስሩ

ቪዲዮውን አትክፈቱ ገና። ቪዲዮ ከተከፈተ ሰው ስሜት ውስጥ ይገባል፣ "እዚህ ጋ እኮ ፈጣን ነበርኩ" ይላል። ቁጥሩ ይቅደም።

አንድ ስቴጅ ውሰዱና እንዲህ ስሩት። ምሳሌው 24 ጥይት፣ 120 ነጥብ ያለው ስቴጅ ነው፣ 10 ወረቀት (ሁለት ሁለት ጥይት) 4 ብረት (አንድ አንድ)።

እኔ፦ 18 ኤ፣ 5 ሲ፣ 1 ዲ፣ ማይክ የለም። 90 + 15 + 1 = 106 ነጥብ። ሰዓት 16.42። ሂት ፋክተር ማለት ነጥብ ሲካፈል ለሰዓት ነው፣ 106 ÷ 16.42 = 6.46።

የዲቪዥኑ አሸናፊ፦ 22 ኤ፣ 2 ሲ፣ 116 ነጥብ፣ ሰዓት 13.10፣ ሂት ፋክተር 8.85።

ስለዚ እኔ የሱ 72.9 ፐርሰንት ነኝ፣ ከ120ው 87.5 ስቴጅ ነጥብ አገኘሁ ማለት ነው። እስከዚህ ፕራክቲስኮርም ይነግራችኋል። የማይነግራችሁ የሚቀጥሉት ሁለት መስመሮች ናቸው፦

ሀ. በራሴ ሰዓት የሱን ነጥብ ባገኝስ? 116 ÷ 16.42 = 7.06፣ ማለትም 79.8 ፐርሰንት።

ለ. በራሴ ነጥብ የሱን ሰዓት ብተኩስስ? 106 ÷ 13.10 = 8.09፣ ማለትም 91.4 ፐርሰንት።

አያችሁ? በትክክለኛነት ብሻሻል 7 ፐርሰንት ገደማ፣ በሰዓት ብሻሻል 18 ተኩል ፐርሰንት። እዚህ ስቴጅ ላይ የተበላሁት በሰዓት ነው። እኔ ግን ያን ቀን ደብተሬ ላይ የጻፍኩት "ሲ በዛብኝ፣ ረጋ ማለት አለብኝ" የሚል ነበር። ረጋ ብል ኖሮ ይባስ ወደ ታች እወርድ ነበር።

ይሄን ለሁሉም ስቴጅ ስሩ፣ ብዙ የክለብ ማች 5 ወይ 6 ስቴጅ ስለሆነ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። አጠገቡ "ሰ" ወይ "ነ" ብላችሁ ምልክት አድርጉ፣ ሰዓት ወይ ነጥብ።

ነጥብ በሰከንድ ስንት ነው?

ይሄን ቁጥር የማያውቅ ሰው ሲ ሲያይ ያዝናል፣ ወይ ማይክ ሲያይ "አንድ ናት" ይላል። ስሌቱ ቀላል ነው፣ የጠፋውን ነጥብ ለሂት ፋክተራችሁ አካፍሉት። በ6.46፦

- ኤ መሆን ሲገባት ሲ የሆነች፦ 2 ነጥብ፣ 0.31 ሰከንድ
- ዲ የሆነች፦ 4 ነጥብ፣ 0.62 ሰከንድ
- ማይክ፦ 15 ነጥብ (5ቱ ይቀራል፣ 10 ይቀነሳል)፣ 2.32 ሰከንድ

ከነዛ 18 ኤ አንዷ ማይክ ብትሆን 106ቱ 91 ይሆናል፣ 72.9 ፐርሰንቱ ወደ 62.6 ይወርዳል። አንዲት ጥይት 12 ስቴጅ ነጥብ በላች። ስለዚ ማይክ መሆኗን ካያችሁ እዛው ደግማችሁ ተኩሱ፣ ሩብ ሰከንድ ብትፈጅም ግማሽ ብትፈጅም። ዲም ሽጉጡ እዛው ታርጌት ላይ እያለ ከሆነ ያዋጣል። ለሲ ግን አትመለሱ።

ልብ በሉ፣ ዋጋው ከስቴጅ ስቴጅ ይለያያል። ሂት ፋክተሩ 10 የሆነ፣ ቅርብና ፈጣን ስቴጅ ላይ ሲ 0.20 ሰከንድ ነው፣ 4 በሆነ ሩቅና ከባድ ስቴጅ ላይ ግማሽ ሰከንድ። ሁሉንም በአንድ ፍጥነት የሚተኩስ ሰው በሁለቱም ይጎዳል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከማን ጋር ነው የምትወዳደሩት?

የክለብ ማች ፐርሰንት እዛ ቀን ማን እንደመጣ ነው የሚወስነው። ግራንድ ማስተር (የከፍተኛው ደረጃ ተኳሽ) ካልመጣ 90 ታገኛላችሁ፣ ሁለት ከመጡ 65። እናንተ አልተለወጣችሁም። ወር ከወር የሚነጻጸረው ክላሲፋየሩ (ክላስ፣ ማለትም ደረጃ የሚሰጥበት ስቴጅ) ብቻ ነው፣ እሱ የሚለካው በአገር ደረጃ በተቀመጠ ሂት ፋክተር ስለሆነ። ሲ ክላስ ከ40፣ ቢ ከ60፣ ኤ ከ75፣ ማስተር ከ85፣ ግራንድ ማስተር ከ95 ፐርሰንት ይጀምራል። ግን ክላሲፋየር ብቻ አይታችሁም ራሳችሁን አትመዝኑ፣ አብዛኛው ቆሞ ወይ ትንሽ ተራምዶ የሚተኮስ ነው፣ ሩጫውና ዕቅዱ እዛ ውስጥ አይታይም።

ሌላው፣ ለማነጻጸሪያ አንደኛ የወጣውን ሁሌ አትውሰዱ። ከናንተ አንድ ክላስ ከፍ ያለ፣ በዕድሜም በአካልም የሚቀራረባችሁን ሰው ምረጡ። የ22 ዓመት ልጅ ሩጫ የ50 ዓመት ሰው ግብ መሆን የለበትም።

ደረጃ 5፦ ቪዲዮውን ቁረጡት

አሁን ቪዲዮው። "ሰ" ያላችሁበትን ስቴጅ ክፈቱ። ፍሬም በፍሬም የሚያሳልፍ ማንኛውም ማጫወቻ ይሆናል፣ የድምፅ ሞገድ የሚያሳይ የቪዲዮ ማስተካከያ አፕ ካላችሁ ደሞ የተሻለ፣ እያንዳንዱ ጥይት ሹል ሆኖ ይታያል። ከጎን ካለው ቤይ የሚሰማ ተኩስ እንዳያሳስታችሁ ሞገዱን ከሽጉጡ መንቀጥቀጥ ጋር አመሳክሩ።

ሰዓቱን በዚህ ቅደም ተከተል ከፋፍሉት፦

1. ከቢፑ እስከ መጀመሪያዋ ጥይት
2. እያንዳንዱ ቦታ ላይ ከመጀመሪያዋ ጥይት እስከ መጨረሻዋ
3. ከአንዱ ቦታ የመጨረሻ ጥይት እስከ ቀጣዩ ቦታ የመጀመሪያ ጥይት (ጉዞ የምንለው ይሄ ነው)

አሸናፊው እዛው ስኳድ ውስጥ ከነበረና ቪዲዮውን ከሰጣችሁ የሱንም እንደዚሁ ቁረጡ። ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ ይሰጣሉ። የኔና የሱ እንዲህ ወጣ፦

- መጀመሪያ ጥይት፦ እኔ 1.70፣ እሱ 1.35
- ቦታ 1 ተኩስ፦ 2.90፣ 2.55
- ጉዞ 1፦ 3.05፣ 2.05
- ቦታ 2 ተኩስ፦ 2.85፣ 2.50
- ጉዞ 2፦ 2.80፣ 2.00
- ቦታ 3 ተኩስ፦ 3.12፣ 2.65

የሁሉም ልዩነት 3.32 ሰከንድ ነው። ሽጉጥ መምዘዝ ላይ 0.35፣ ሦስቱም ቦታ ላይ ተኩሱ ተደምሮ 1.17፣ ሁለቱ ጉዞ ላይ ብቻ 1.80። ከግማሽ በላይ የበላኝ ቃታ ያልነካሁበት ጊዜ ነው! ያን ዓመት ሙሉ ግን ስለማመድ የነበረው ሪሎድና ቶሎ ቶሎ መተኮስ።

ጉዞውን ደግማችሁ በሦስት ቁረጡት

መውጣት፣ መሄድ፣ መግባት። መውጣት ማለት ከመጨረሻዋ ጥይት እስከ መጀመሪያው እግር መነሳት፣ መግባት ማለት እግር ካረፈ እስከ መጀመሪያዋ ጥይት። እዚህ ጋ ቀስ በሉ፣ ትልቁ ነገር ያለው እዚህ ነው።

የኔን ጉዞ 1 ስቆጥር መውጣቱ 18 ፍሬም ሆነ፣ 0.30 ሰከንድ፣ ማለትም ተኩሼ ጨርሼ ቀና ብዬ ታርጌቱን አየሁ፣ ከዛ ሄድኩ። ካዝናውን መንገድ ላይ ቀየርኩ፣ ሦስተኛው እርምጃ ላይ ገብቷል፣ ምንም ችግር የለበትም። ከዛ ደረስኩ። ሁለቱም እግሬ መሬት ይዟል፣ ሽጉጡ ግን ሆዴ ጋ ነው። ቆምኩ፣ አነሳሁ፣ ዶቱን ፈለግኩ፣ ተኮስኩ። 33 ፍሬም፣ 0.55 ሰከንድ ቆሜ ነበር። አሸናፊው ደሞ ቦታው ሊደርስ ሁለት እርምጃ ሲቀረው ሽጉጡ ዓይኑ ፊት ነው፣ ጉልበቱ ታጥፏል፣ የኋላ እግሩ ሳያርፍ የመጀመሪያዋ ጥይት ወጣች። ከኔ ፈጥኖ አልሮጠም። ይሄን ሳይ ነው የሪሎዱን ነገር የተውኩት።

ብዙ ሰው ቪዲዮ ሲያይ ሩጫውን ያያል። እናንተ ግን ቆማችሁ ያላችሁበትን ፍሬም ቁጠሩ፣ ከቢፑ በኋላ እግር ቆሞ ሽጉጥም ያልተኮሰበት ጊዜ ሁሉ ብክነት ነው።

ቪዲዮ ከሌለስ?

አር ኦው የሚይዘው ሾት ታይመር የእያንዳንዷን ጥይት ሰዓት ይይዛል። ቀጣዩ ተኳሽ ከመጠራቱ በፊት አር ኦውን ለምኑትና የጥይቶቹን ዝርዝር እዩ ወይ ፎቶ አንሱ፣ ስራ ከበዛበት ግን አታስቸግሩት። ቦታ 1 ላይ 8 ጥይት ከሆነ በ8ኛዋና በ9ኛዋ መሃል ያለው ጉዞ 1 ነው፣ ተጨማሪ ጥይት ተኩሳችሁ ከሆነ ቁጥሩን አስተካክሉ። መውጣትና መግባትን አይለይላችሁም፣ ጉዞውን ግን ይነግራችኋል።

ደረጃ 6፦ "ነ" ያላችሁባቸውን ስቴጆች አንብቡ

ሲና ዲውን አትቁጠሩ፣ የት እንደተፈጠሩ እዩ። ደብተራችሁንና ቪዲዮውን ይዛችሁ እያንዳንዷን መጥፎ ጥይት ከነዚህ ባንዱ ስር አስገቡ፦

- ቦታውን ልትለቁ ስትሉ የመጨረሻው ታርጌት ላይ። በጣም የተለመደው ይሄ ነው፣ ሰውነት ቀድሞ ሄዷል፣ እጅ ብቻ ነው የቀረው።
- ቦታ እንደገባችሁ የመጀመሪያው ታርጌት ላይ።
- ኖ-ሹት የሸፈነው ወይ ግማሹ የተቀባ ታርጌት ላይ።
- ሩቅ ታርጌት ላይ።
- ቆማችሁ፣ ቅርብ፣ ምንም ሳይኖር። እዚህ ስር ከበዛ፣ በተለይ በቀኝ እጅ የምትተኩሱ ሆናችሁ ቀዳዳዎቹ ወደ ታች ግራ ከሆኑ፣ ቃታ ስትስቡ ጠቅላላ እጃችሁን እየጨመቃችሁት ነው።

ማይክ ካለ ሌላ ጥያቄ ጨምሩ፦ ጠርጥሬያት ነበር? ጠርጥራችሁ ሳትደግሙ ከሄዳችሁ የውሳኔ ችግር ነው፣ ሂሳቡን ከላይ አይታችኋል። ሳትጠረጥሩ ከሆነ የዓይን ችግር ነው፣ ዶቱ ታርጌቱ ላይ ሳይደርስ ቃታው ተስቧል። ሁለቱ የሚለማመዱበት መንገድ ለየብቻ ነው፣ አትቀላቅሏቸው።

ደረጃ 7፦ ዕቅዱ ነው ወይስ አፈጻጸሙ?

ደብተሩ ላይ "ዕቅዴ" እና "የሆነው" ጎን ለጎን አሉ። አንድ ከሆኑና ውጤቱ መጥፎ ከሆነ ዕቅዱ ነው መጥፎ፣ አሸናፊው በየት እንደሄደ እዩ፣ ምናልባት እናንተ በአራት ቦታ የጨረሳችሁትን እሱ በሦስት ጨርሶታል። ካልተመሳሰሉ ግን ዕቅዱን ለመውቀስ አትቸኩሉ፣ አልተተኮሰማ። ችግሩ አለመያዙ ነው፣ ስቴጁን ዞራችሁ የምታዩበት ደቂቃ በወሬ አልቋል ማለት ነው። ተራችሁ እስኪደርስ ዓይን ጨፍኖ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ታርጌት በሃሳብ መሄድ፣ ሳይደናቀፉ አምስቴ ስድስቴ እስኪወጣ ድረስ። አንዷ ታርጌት ላይ ከቆማችሁ ሄዳችሁ እዩዋት፣ ስኳዱ ታርጌት ሲለጥፍ አብራችሁ ለጥፉና እግረ መንገዳችሁን ተመልከቱ።

ፕሮሲጀራል ካገኛችሁ የስቴጁን ጽሑፍ ደግማችሁ አንብቡ፣ ሲነበብ ያልሰማችሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ይኖራል።

ደረጃ 8፦ ነገሮች ሲበላሹ

ሽጉጡ ከተሰናከለ፦ የፈጀውን ሰዓት ከቪዲዮው ለኩ፣ 4 ሰከንድ ከሆነ ቀንሳችሁ ሂት ፋክተሩን አስሉና ለራሳችሁ ያዙት፣ ተኩሱ ምን ይመስል እንደነበር ይነግራችኋል። ግን "ዕቃው ነው" ብላችሁ አትለፉት። የትኛው ካዝና ነበር? ቁጥሩን የጻፋችሁት ለዚህ ነው። ሁለት ማች ላይ 3 ቁጥር ከተደጋገመ ስፕሪንጉን ቀይሩ ወይ ለልምምድ ብቻ አድርጉት። ሁሉም ካዝና ላይ ከሆነ ጥይቱን ወይ ሽጉጡን ፈትሹ።

ዲኪው ካደረጓችሁ (በደህንነት ጥሰት ከማቹ ካስወጧችሁ)፦ አትከራከሩ፣ የደንቡን ቁጥር ብቻ ጠይቁና ጻፉ። ከዛ ቆይታችሁ ስኳዱን ታርጌት በመለጠፍ አግዙ፣ እቤት ስትገቡ የዛን ቀን ሌላ ግምገማ የለም፣ የምታዩት ያንን ቅጽበት ብቻ ነው። አፈሙዙ 180ን (ወደ ኋላ ማለፍ የሌለበትን መስመር) የጣሰው መቼ ነው፣ ወደ የት ስትዞሩ፣ ካዝና ስትቀይሩ ነው? ጣት ቃታ ላይ የነበረው ስንት እርምጃ ነው? ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ወደ ግራ እየሮጠ ካዝና የሚቀይር ቀኝ እጅ ተኳሽ ነው፣ አፈሙዙ ሳያውቀው ወደ ጎን ይዞራል። ያ ነገር ቀስ ብሎ በባዶ ሽጉጥ ተሰርቶ እስኪስተካከል ሰዓት አትያዙ።

ደረጃ 9፦ አንድ ነገር ምረጡ

አሁን ሁሉንም ስቴጅ ደምሩ። የጠፋውን ሁሉ ወደ ሰከንድ ቀይሩት፣ ነጥቡንም ከላይ ባየነው መንገድ። እንዲህ አይነት ዝርዝር ይወጣል፦ መግባት 3.1፣ መውጣት 1.4፣ ማይክ 2.2፣ ሽጉጥ መምዘዝ 1.5፣ የተረሳ ታርጌት 2.8።

ቢያንስ ሦስት ስቴጅ ላይ የተደጋገመውን ብቻ ያዙ። የተረሳችው ታርጌት 2.8 ብትበላም አንዴ ነው የሆነችው፣ መግባቱ ግን ሁሉም ስቴጅ ላይ ነው። እሱን አንሱ። ሁለት ሦስት ነገር አንድ ላይ ላስተካክል ያለ ሰው ምኑ እንደሰራ ምኑ እንዳልሰራ አያውቅም።

ከዛ ወደ ቁጥር ያለው ልምምድ ቀይሩት። "መግባቴን አሻሽላለሁ" አይደለም። "እግሬ ካረፈ እስከ መጀመሪያ ጥይት 0.55 ነው፣ 0.30 አደርገዋለሁ" ነው። ለሱ የሚሆን ድራይ ፋየር (በባዶ ሽጉጥ የሚደረግ ልምምድ) ቤት ውስጥ ይሰራል፦

1. ጥይት በሙሉ ሌላ ክፍል አስገብታችሁ በር ዝጉ። ሽጉጡን አይታችሁ፣ በጣት ዳሳችሁ፣ ባዶ መሆኑን ደግማችሁ አረጋግጡ። ካዝናዎቹንም።
2. የክፍሉን በር ቆልፉ። እኛ ቤት ሰው ሳይደውል ይመጣል፣ ጎረቤት ቡና ልትጠራ ትገባለች፣ ልጆችም አሉ። የሚታለመው ግድግዳም ከጀርባው ሰው የሌለበት ይሁን።
3. ወለሉ ላይ አራት እርምጃ ተራርቀው ሁለት ምልክት በቴፕ አድርጉ፣ ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት ትንሽ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፉ።
4. መጀመሪያ ያለ ሰዓት 10 ጊዜ በእርምጃ ሂዱ። ሁለት እርምጃ ሲቀር ሽጉጡ ዓይን ፊት ይሁን፣ ጣት ከቃታ ውጪ፣ ዶቱ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ ብቻ ጣት ይግባ።
5. ከዛ ታይመሩን በተወሰነ ሰዓት ደግሞ እንዲጮህ አስሩት፣ ሳትቸኩሉ ከምትሰሩት ትንሽ ቀንሱ። ስልካችሁን ጎን አቁማችሁ ቅዱና ፍሬም ቁጠሩ።
6. 15 ደቂቃ ይበቃል። ሲጨርሱ "አለቀ" በሉና ሽጉጡን ቆልፉበት። ጥይቱ ከተመለሰ በኋላ "አንዴ ልድገም" የሚባል ነገር የለም፣ ቤት ውስጥ ግድግዳ የሚበሳው እዛች ጋ ነው።

ሲበላሽ፦ ዶቱ መስኮቱ ውስጥ ካልተገኘ ሽጉጡን ዘግይታችሁ እያነሳችሁ ነው፣ ሦስት እርምጃ ሲቀር አንሱት። ዶቱ እየዘለለ ካስቸገረ ጉልበታችሁ ቀጥ ብሏል፣ ዝቅ ብላችሁ ግቡ።

ደረጃ 10፦ ቀጣዩ ማች

ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አንዷን ቁጥር ጻፉ፣ "መግባት 0.55"። ስትተኩሱ ስለሷ አታስቡ፣ ዕቅዳችሁን ተኩሱ። ማታ ከሁሉም በፊት እሷን ለኩ፣ ሁሉም ስቴጅ ላይ፣ አማካዩን ያዙ።

ከወረደች ግን ነጥብ ከጠፋ፣ ማለትም የገባችሁበት የመጀመሪያ ታርጌት ላይ ሲና ዲ ከበዛ፣ ሂሳቡን ስሩ፦ ያገኛችሁት 0.25 ሰከንድ ሲሆን የጠፋው 0.31 ከሆነ አልተሻሻላችሁም፣ ቸኩላችኋል፣ ልምምዱ ላይ ዶቱን ማየት መልሱ። በሁለት ማች ምንም ካልተንቀሳቀሰች የልምምዱን ቪዲዮና የማቹን ቪዲዮ ጎን ለጎን ክፈቱ። ልምምድ ላይ 0.30 ሆኖ ማች ላይ 0.55 ከሆነ ገና አልተዋሃዳችሁም፣ ያንኑ ቀጥሉ። ልምምድ ላይም 0.55 ከሆነ ልምምዱ ነው የማይሰራው፣ እሱን ቀይሩ። ከወረደችና ነጥቡ ከያዘ ደሞ ዝርዝሩን አውጡና ሁለተኛዋን አንሱ።